ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት፦ ያገለገለ አውቶማቲክ የመስክ መኪና ማርሽ አልቀይር ሲል

ያገለገለ የመስክ መኪና ገዝቶ ማርሹ ሲያመነታ፣ ሲመታ ወይም ሲንሸራተት ያየ ሰው ከየአቅጣጫው የሚደርሰው ፍርድ አንድ ነው፤ «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ»። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ዘይቱ ሳይታይ፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የስህተት ኮድ ሳይነበብ፣ መኪናውም ቀዝቅዞና ሞቆ በወጉ ሳይነዳ ነው። ካምቢዮ አውርዶ መፍታት ከመኪና ጥገና ሥራዎች ሁሉ ከከባዶቹና ብዙ ወጪ ከሚጠይቁት አንዱ ነው። ካምቢዮው ወርዶ፣ ታድሶና ተመልሶ ተገጥሞ የቀድሞው ችግር እዚያው ሲገኝ ማየት ያሳዝናል፤ ጥፋቱ መጀመሪያውኑ ካምቢዮው ውስጥ አልነበረምና።

የማርሽ ችግር ሁሉ የካምቢዮ ችግር አይደለም። ስለዚህ ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ አለበት። ባለቤቱ ራሱ ምንም ነገር ሳይፈታ ሊደርስበት የሚችለው ርቀት ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው።

ውስጡ ምን አለ

አውቶማቲክ ካምቢዮ የሞተሩን ኃይል የሚቀበለው በዘይት አማካይነት ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ማራገቢያዎችን ይመስላል፤ አንዱ በሞተሩ ኃይል እየዞረ የሚወረውረው ዘይት ሌላውን ያዞረዋል። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲቆም ሞተሩ የማይጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ፍጥነቱ ሲረጋ ግን ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለ አንድ ፍሪሲዮን (ተጫኖ የሚይዝ ዲስክ) ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። ያን ጊዜ በመካከላቸው ያለው መንሸራተት ይቀራል፤ የዘይቱ ሙቀት ይቀንሳል፤ ነዳጅም ይቆጠባል።

ካምቢዮው የራሱ የዘይት ፓምፕ አለው። ፓምፑ የሚልከው ግፊት ቫልቭ ቦዲ በሚባለው ክፍል ውስጥ በተቀረጹ ጠባብ መንገዶች እያለፈ ለየማርሹ የተመደቡትን የፍሪሲዮን ዲስኮችና ባንዶች ይጨብጣል። የትኛው በምን ሰዓት እንደሚጨበጥ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ሲሆን፣ ትእዛዙን የሚያስፈጽሙት ሶሌኖይዶች ናቸው፤ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትናንሽ ቫልቮች ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በበኩሉ የሚወስነው በሚደርሰው መረጃ ነው፦ ነዳጅ መስጫው ምን ያህል ተረግጧል፣ ወደ ካምቢዮው የሚገባውና የሚወጣው ዙር ስንት ነው፣ ሞተሩ ሞቋል ወይ፣ ፍሬን ተይዟል ወይ፣ የማርሽ ዘንጉ የት ላይ ነው።

እንግዲህ ማርሽ በትክክል እንዲገባ በቂና ጤነኛ ዘይት፣ የተሟላ ግፊት፣ ትክክለኛ ትእዛዝና የሚጨብጥ ፍሪሲዮን ያስፈልጋሉ። ካምቢዮ ማውረድ የግድ የሚሆነው በዋናነት ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ፣ አንዳንዴም ፓምፑ ሲደክም ነው። ዘይቱ፣ ሽቦው፣ የፍጥነት መለኪያ ሴንሰሮቹና ነዳጅ መስጫውን የሚከታተለው ሴንሰር ከውጭ ይታያሉ። ሶሌኖይዶቹና ቫልቭ ቦዲው ራሳቸው በብዙ የመስክ መኪኖች ላይ ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ ብቻ በመፍታት ይደረስባቸዋል። «ይውረድ» የሚለው ቃል ከመነገሩ በፊት የሚመረመረው ይህን ያህል ብዙ ነው።

ምልክቱን በትክክል መግለጽ

«ማርሹ ተበላሽቷል» ማለት ለመካኒክ ምንም አይጠቅመውም። አንድን ብልሽት ከሌላው የሚለየው ምልክቱ በምን ሁኔታ እንደሚታይ ነው።

የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ካምቢዮው እየተንሸራተተ ነው። ከአንድ ማርሽ ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ ብቻ ዙሩ ለቅጽበት ዘሎ ከተመለሰ፣ የሚለቀው ፍሪሲዮን ለቅቆ የሚይዘው ዘግይቷል ማለት ነው። ማርሹ ሲገባ መኪናው ከተገፈተረ ግፊቱ በዝቷል፣ አለበለዚያም ጊዜው ተዛብቷል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ከኤን (ነጻ) ወደ ዲ (ወደፊት) ወይም ወደ አር (ወደ ኋላ) ሲያስገቡ ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ጠብቆ የሚይዝ ከሆነ፣ የዘይት ማነስ፣ የተደፈነ ማጣሪያ ወይም ዘይቱን የሚያሽጉ የውስጥ ጎማዎች መድረቅ ይጠረጠራሉ። መኪናው ገና ከመነሻው ከባድ ሆኖ በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ችግር አይቶ ካምቢዮውን ወደ መከላከያ ሁኔታ አስገብቶታል። ብዙ ካምቢዮዎች በዚህ ሁኔታ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ላይ ይቀራሉ። ይህ የመጨረሻው ምልክት ሰውን በጣም ያስደነግጣል፤ መንስኤው ግን ብዙ ጊዜ ከኤሌክትሪክ ወገን ነው።

ሙቀቱም ወሳኝ ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ የሚያስቸግርና ሲሞቅ የሚስተካከል ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ የደረቁ ጎማዎች አሉበት፤ ሲሞቁ ይለሰልሱና መልሰው ያሽጋሉ። በተቃራኒው ቀዝቅዞ በደንብ ሠርቶ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ መንሸራተት የሚጀምር ካምቢዮ ይበልጥ ያሳስባል። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይት ባረጁ ክፍተቶች በኩል ሾልኮ ግፊቱ ይወርዳል። መኪና ሊገዙ ሲሄዱ ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ከጠበቀዎት የመጀመሪያው ዓይነት ችግር ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። አጭር ዙር ብቻ ነድተው ከተመለሱ ደግሞ ሁለተኛው ያመልጥዎታል። ስለዚህ የሞተሩን መክደኛ በእጅ ነክተው መቀዝቀዙን ካረጋገጡ በኋላ ያስነሱት፤ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ዳገትም ባለበት መንገድ ይንዱት።

ሌላው ጥያቄ ችግሩ በሁሉም ማርሽ ነው ወይስ በአንዱ ብቻ የሚለው ነው። ወደፊትም ወደ ኋላም ሁሉም የሚንሸራተት ከሆነ ጥርጣሬው ሁሉም በሚጋሩት ነገር ላይ ያርፋል፤ ዘይት፣ ማጣሪያ፣ ፓምፕ፣ ዋናው ግፊት። አንዱ ማርሽ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚያ ማርሽ ፍሪሲዮን ወይም ሶሌኖይድ ይሄዳል። መካኒኩ ዘንድ ሲሄዱ ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ ያዋጣል፤ በስንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ከስንተኛው ወደ ስንተኛው ማርሽ፣ ቀዝቅዞ ወይስ ሞቆ፣ በቀስታ ሲረግጡት ወይስ በኃይል።

ብልሽት ያልሆኑ «ብልሽቶች»

አንዳንድ መኪኖች ምንም ሳይሆኑ ይታመማሉ። በማርሽ ዘንጉ ጎን ያለው የኦቨርድራይቭ (የከፍተኛው ማርሽ) ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቶ ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ከበራ፣ ባለ አራት ማርሹ ካምቢዮ አራተኛውን አያስገባም። መኪናው በረጅም መንገድ ይጮሃል፣ ነዳጅ ይበላል፤ ባለቤቱም አራተኛው ማርሽ የጠፋበት ይመስለዋል። አንዳንድ የቆዩ የላንድ ክሩዘር ሞዴሎች ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ ለመነሳት የሚያገለግል ቁልፍ አላቸው፤ ለሚያንሸራትት መሬት የተሠራ ነው። እሱ ተነክቶ ከቀረ መኪናው ሲነሳ ሰነፍ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ማርሽ ያለቀ ያስመስላል።

መብራቱ ዝም ብሎ ከመብራት ይልቅ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በብዙ የቆዩ የጃፓን መኪኖች ላይ የኦቨርድራይቭ መብራት ብልጭታ ኮምፒውተሩ የካምቢዮ ስህተት መመዝገቡን የሚያስታውቅበት መንገድ ነው።

ሞተሩ ሳይሞቅ ኮምፒውተሩ ኦቨርድራይቭንም የኮንቨርተሩን መቆለፊያም ሆን ብሎ ይከለክላል። ታዲያ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ በበቂ ሁኔታ አይሞቅም፤ አራተኛው ማርሽም በረጅም መንገድ ሳይቀር እንቢ ይላል። ይህን ያልጠረጠረ ሰው አንድ ትንሽ የውሃ ቫልቭ ላመጣው ችግር ካምቢዮ ያስፈታል። የፍሬን መብራት ማብሪያውም እንዲሁ ነው። ፍሬን እንደተያዘ አድርጎ ሁልጊዜ ምልክት ከላከ ኮንቨርተሩ በፍጹም አይቆለፍም። ከኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው ፍሬኑ ሳይረገጥ መብራቱን በመመልከት ብቻ ይህን ያረጋግጣል። ባትሪ ተነቅሎ ከተመለሰ በኋላም ኮምፒውተሩ የለመደውን ስለሚረሳ ካምቢዮው ለተወሰነ ጊዜ ሸካራ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ነድቶ መጠበቅ ይበቃል።

ዘይቱ የሚናገረው

ከሁሉም አስቀድሞ የሚታየው ዘይቱ ነው። የአለካኩ ሥርዓት ግን ከአምራች አምራች ይለያያል፤ በዚህም ብዙ ሰው ይሳሳታል። መለኪያ ዘንግ ባላቸው ቶዮታዎች መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ፣ የማርሽ ዘንጉ በሁሉም ቦታ ካለፈ በኋላ ፒ ላይ ተደርጎ፣ ሞተሩ እየሠራ ይለካል። በሚትሱቢሺ ፓጄሮ ኤን ላይ ሆኖ ነው። በብዙ ሆንዳዎች ደግሞ ሞተሩ ሞቆ እንደጠፋ ወዲያውኑ ይለካል። ሞተር ጠፍቶ መለካት ያለበትን ሞተር አስነስቶ የለካ ሰው በሌለ ጉድለት ዘይት ይጨምራል፤ የበዛ ዘይት ደግሞ በሚዞሩት ጥርሶች ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ አረፋም ግፊት አይሸከምም። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው ካምቢዮዎች ከሥር ባለ ብሎን በኩል፣ የዘይቱ ሙቀት በአምራቹ በተወሰነው መጠን ላይ ሲደርስ ይለካሉ። ያለ ሙቀት መለኪያ የሚደረግ ልኬታ ግምት ብቻ ነው።

ነጭ ወረቀት ወይም ጨርቅ ላይ ሁለት ጠብታ ጣል ያድርጉ። አብዛኛው አዲስ ዘይት ቀይና ጥርት ያለ ነው። በአገልግሎት ብዛት ወደ ቡናማ መሄዱ ብቻውን አያስፈራም። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ጠብታው በወረቀቱ ላይ ሲሰፋ መካከሉ ጥቁር ደቃቅ ካስቀረ፣ ፍሪሲዮኑ እየተፋቀ ነው። ሮዝማ፣ የደፈረሰና አረፋ የያዘ ሆኖ ካገኙት ሞተሩን ያጥፉ። የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ማቀዝቀዣ ስለሆነ፣ እሱ ሲቀደድ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ከ2005 እስከ 2010 ሞዴል ባሉት ኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ኤክስቴራና ፍሮንቲየር መኪኖች ላይ ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ በአሜሪካ የጋራ ክስ ቀርቦበት የራዲያተሩ የዋስትና ጊዜ እስከመራዘም ደርሷል። ከእነዚህ አንዱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ራዲያተሩ ተቀይሮ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ካልተቀየረ ካምቢዮው ጤነኛ ሳለ ይቀይረው። ውሃ የፍሪሲዮኑን ማጣበቂያ ስለሚያላቅቀው ከተቀላቀለ በኋላ ብዙ ጊዜ አይሰጥም።

የዘይቱ ዓይነት ቀልድ አያውቅም። የቶዮታ ቲ-4 እና ደብሊው ኤስ፣ የሚትሱቢሺ ኤስፒ-3፣ የሆንዳ ዲደብሊው-1 እርስ በርሳቸው የሚተካኩ አይደሉም፤ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ የሚኖረውን የመንሸራተት ጠባይ የሚወስነው ዘይቱ ነውና። የቀድሞው ባለቤት ምን እንደሞላ ካልታወቀና ማርሹ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በትክክለኛው ዘይት መቀየር ራሱ ምርመራ ነው። አንድ ጊዜ አፍስሶ መሙላት ከጠቅላላው ዘይት ከሲሶ እስከ ግማሽ ያለውን ብቻ ስለሚለውጥ፣ ጥቂት ነድቶ መድገም ያስፈልጋል።

«ያረጀ ካምቢዮ ዘይቱ ሲቀየር ይሞታል» የሚለው አባባል ሰዎችን ከጥገና አርቋል። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፤ ዘይቱ በተቀየረ ማግስት የቆመ ካምቢዮ ከመቀየሩ በፊትም አልቆ ነበር፤ ባለቤቱም ዘይት የቀየረው መንሸራተቱን አይቶ ነው። የሚያሰጋው በማሽን ግፊት የሚደረግ እጥበት ነው፤ ለዓመታት የተቀመጠውን ዝቃጭ አንቀሳቅሶ ጠባቦቹን መንገዶች ሊደፍን ይችላል። በራሱ ክብደት እንዲወርድ አፍስሶ መሙላት ግን ጤነኛ ካምቢዮን አይጎዳም።

የዘይት መያዣው ከተፈታ ውስጡ ያሉትን ማግኔቶች ይመልከቱ። በጣት ሲዳሰስ የሚለሰልስ ግራጫ ጭቃ ከተለመደ አገልግሎት የሚመጣ ነው። ጣት ላይ የሚቆረቁር ስንጣሪ፣ የናስ ቀለም ያለው ብልጭታ ወይም የጥርስ ስባሪ ካለ ግን የሚያነጋግር ነገር የለም፤ ካምቢዮው መፈታት አለበት።

ኮዱን ማንበብና አለማመን

በአሜሪካ ገበያ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት የምርመራ መሰኪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል፤ በአውሮፓም ለቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ ለናፍጣ ከ2004 ጀምሮ ተከትሏል። በእነዚህ ላይ ኮዱ በአነስተኛ መሣሪያ ይነበባል። ፒ 0700 ሲወጣ «የካምቢዮ ኮድ ነው፣ ካምቢዮው ሞቷል» የሚል ካለ አይቀበሉት። ይህ ኮድ የሚለው የካምቢዮው ኮምፒውተር የሚናገረው ነገር አለ ብቻ ነው፤ ንግግሩ ራሱ የካምቢዮውን ኮምፒውተር ማንበብ በሚችል መሣሪያ መነበብ አለበት።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ኮዶች በሁለት ይከፈላሉ፤ ልዩነታቸውንም ማወቅ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይጠቅማል። አንደኞቹ ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ይናገራሉ። ፒ 0750 እና ፒ 0755 ስለ ማርሽ ሶሌኖይዶች፣ ፒ 0715 ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዙር ስለሚለካው ሴንሰር፣ ፒ 0720 የሚወጣውን ስለሚለካው፣ ፒ 0705 ደግሞ የማርሽ ዘንጉ የት እንዳለ ስለሚያሳውቀው ማብሪያ ናቸው። እነዚህ ሲወጡ የተቆረጠ ሽቦ፣ ውሃ የገባበት ሶኬት ወይም የደከመ ሶሌኖይድ ይፈለጋል። ሁለተኞቹ ስለ ውጤት ይናገራሉ። ከፒ 0731 እስከ ፒ 0735 ያሉት፣ ኮምፒውተሩ አንድ ማርሽ አዝዞ የገባውና የወጣው ዙር ግን አልመጣጠን እንዳለው ይገልጻሉ፤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ማርሽ በቅደም ተከተል። ፒ 0741 ኮንቨርተሩ ተቆለፍ ተብሎ እንዳልተቆለፈ ይናገራል። የኤሌክትሪክ ኮድ ሳይኖር የውጤት ኮድ ብቻ ከወጣ ጥርጣሬው ወደ ግፊትና ወደ ፍሪሲዮን ያዘነብላል።

ከዚህ ሥርዓት በፊት በተሠሩ ቶዮታዎች በሞተሩ ክፍል ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ሲገናኙ የኦቨርድራይቭ መብራቱ ኮዱን በብልጭታ ይቆጥራል። 62 እና 63 የማርሽ ሶሌኖይዶች፣ 64 የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ሶሌኖይድ፣ 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮች ናቸው።

ኮምፒውተሩ ራሱም ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም። ከ2001 እስከ 2003 ሞዴል ያሉ የቶዮታ ራቭ 4 መኪኖች ማርሻቸው በኃይል ይመታ የነበረው በሞተሩ ኮምፒውተር ብልሽት ነበር፤ አምራቹም ለዚሁ ኮምፒውተር የዋስትና ጊዜውን አራዝሟል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ሳይመረመር ካምቢዮ መፍታት ምን ያህል ግፍ እንደሆነ አስቡት። እንዲያውም ኮምፒውተሩ ሳይስተካከል የተገጠመውን ሁለተኛ ካምቢዮም ያው የተዛባ ትእዛዝ ያበላሸዋል።

ሶኬቱን ነቅሎ በእጅ መንዳት

አሁን የምነግራችሁ ፈተና ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው ወይስ የውስጥ አካል የሚለውን ሙግት በደቂቃዎች ይቆርጣል። በሁሉም ካምቢዮ ላይ አይሠራም። ቶዮታ ኤ 340 በሚባለው ባለ አራት ማርሽ ቤተሰብ ላይ ግን ይሠራል፤ ይህ ካምቢዮ በቶዮታ ፎርራነር ላይ፣ ኤደብሊው4 በሚል ስም ደግሞ በቀድሞው ጂፕ ቼሮኪ ላይ ይገኛል።

ሞተሩ ጠፍቶ ወደ ካምቢዮው የሚገባው የሶሌኖይዶች ሶኬት ይነቀላል። አሁን ኮምፒውተሩ ምንም ማዘዝ አይችልም፤ ካምቢዮው በዘይት ግፊትና በማርሽ ዘንጉ ብቻ ይሠራል። በዚህ ሁኔታ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ አንደኛ ማርሽን፣ ከእሱ በላይ ያለው ሦስተኛን፣ ዲ ደግሞ አራተኛን ይሰጣል፤ አር ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ በዝቅተኛው ተነስተው ዘንጉን በእጅ ወደ ላይ እያሻገሩ ይንዱት። እያንዳንዱ ማርሽ ሳይንሸራተት አጥብቆ ከያዘ እነዚያ ፍሪሲዮኖች ጤነኞች ናቸው፤ ጥፋቱ በሶሌኖይድ፣ በሽቦ፣ በሴንሰር ወይም በኮምፒውተር ይፈለግ። ያኔ የሶሌኖይዶቹን ሬዚስታንስ በመለኪያ ማየት ቀጣዩ እርምጃ ነው፤ በዚህ ቤተሰብ ከ11 እስከ 15 ኦም መሆን አለበት። ሶኬቱ ተነቅሎም ያው ማርሽ የሚንሸራተት ከሆነ ኤሌክትሪኩ ነጻ ወጥቷል። አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ፤ ሶኬቱ በተነቀለበት ጊዜ በፍጥነት እየሄዱ ዘንጉን ወደ ዝቅተኛው አይመልሱ። የሚከላከል ኮምፒውተር የለም፤ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሊዞር፣ ጎማዎቹም ሊቆለፉ ይችላሉ።

ይህ ካምቢዮ ወደ ኋላ አልሄድ ቢልም በማመዛዘን ብቻ ብዙ ርቀት መሄድ ይቻላል። ወደ ኋላ ለመሄድ ሁለት ነገር መጨበጥ አለበት፤ አንዱ በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽም የሚሠራ ፍሪሲዮን ነው፣ ሌላው በዝቅተኛው ቦታ አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ መኪናውን ይዞ እንዲያዘገየው የሚያደርግ፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ፍሬን ነው። ስለዚህ መኪናውን በዝቅተኛው ቦታ ነድተው እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ያንሱ። ሞተሩ መኪናውን ይዞ ካዘገየው ፍሬኑ ደህና ነው፤ ወደ ፍሪሲዮኑ ይሂዱ፤ ሦስተኛው ማርሽም ከተንሸራተተ ጥፋተኛው ተገኝቷል። መኪናው በነጻ የሚንከባለል ከሆነና ሦስተኛው ማርሽ በደንብ ከያዘ ግን ጥፋተኛው ፍሬኑ ነው። ማንኛውም ካምቢዮ የትኛው ፍሪሲዮን በየትኛው ማርሽ እንደሚሠራ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በጥገና መጽሐፉ ውስጥ አለው። ሠንጠረዡን አውጥቶ እንዲህ የሚያመዛዝን መካኒክ ካገኙ አይልቀቁት።

መንቀጥቀጥና ማንኳኳት

ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሆነ ፍጥነት፣ ነዳጅ በቀስታ ሲሰጡት ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ የሚሄድ ያህል የሚንቀጠቀጥ መኪና ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉት፤ የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ፍሪሲዮንና የሞተሩ ማቀጣጠያ። ስሜታቸው ስለሚመሳሰል በደከመ ካንዴላ ወይም በተበላሸ ኮይል ምክንያት ኮንቨርተር የተቀየረለት መኪና አለ። መለያው ቀላል ነው። መንቀጥቀጡ እየተሰማ ሳለ፣ ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይተው የፍሬን መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ ፍሬኑን በስሱ ይንኩ። ኮንቨርተሩ ወዲያው ይለቃል፤ የሞተሩ ዙር በጥቂት መቶዎች ከፍ ይላል። መንቀጥቀጡ በዚያው ቅጽበት ከቆመ ጉዳዩ የኮንቨርተሩ ነው፤ ዘይት መቀየር የመጀመሪያው መድኃኒት ይሁን። ከቀጠለ ካንዴላዎቹንና ኮይሎቹን ያስመርምሩ።

የመስክ መኪና ከሌላው የሚለይበት ነገር ከካምቢዮው ቀጥሎ ያለው ሰንሰለት ረጅም መሆኑ ነው፤ ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው)፣ የፊትና የኋላ ዘንጎች፣ ክሮቼራዎች (የዘንግ መጋጠሚያዎች)፣ ዲፈረንሻሎች። መኪናው ሲቆም ወይም ሲነሳ «ጓ» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የማርሽ ምት ተደርጎ ይወሰዳል። ግሪስ ያጣ የዘንግ መንሸራተቻ ግን ልክ ይህን ድምፅ ያሰማል። ያለቀ ክሮቼራና የተሰነጠቀ የካምቢዮ ጎማ መቀመጫም እንዲሁ። መኪናውን በአስተማማኝ ሁኔታ አቁመው፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፈው፣ ከሥር ገብተው ዘንጉን በእጅ ግራና ቀኝ ያዙሩት፤ ክፍተት ካለ በእጅ ይሰማል። የአራቱ ጎማዎች መጠን አለመመጣጠንም ሁልጊዜ በአራት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ላይ ማዕከላዊውን ዲፈረንሻል ያስጨንቃል፤ ጎትቶ የሚይዝ ስሜት ሲኖር መጀመሪያ የጎማዎቹን ጎን ጽሑፍ ማንበብ ይበጃል።

መውረድ ሲኖርበት

ዘይቱ ትክክለኛና በልኩ ሆኖ፣ የኤሌክትሪክ ኮድ ሳይኖር፣ በግፊት መለኪያ የተለካው ግፊት በቂ ሆኖ ሳለ አንድ ማርሽ የሚንሸራተት ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ስንጣሪ ብረት በዘይት መያዣው ውስጥ ከተገኘም እንዲሁ። እዚህ ላይ ማንገራገር ጉዳቱን ያሰፋል፤ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ዘይቱን ያቃጥላል፣ የተቃጠለው ዘይት ደህና የነበሩትን ፍሪሲዮኖች ይዞ ይወርዳል።

አንዳንድ ጊዜ የውስጥ ብልሽት ሆኖም ማውረድ አያስፈልግም። ከ2002 እስከ 2005 ባሉ የፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ ባንዱን የሚገፋው ፒን የሚንቀሳቀስበት የአሉሚኒየም ቀዳዳ እየሰፋ ግፊቱ ይሾልካል፤ ሁለተኛና አምስተኛ ማርሾች ይጠፋሉ። ቀዳዳውን አስፍቶ የብረት ቀለበት በማልበስ፣ ካምቢዮው ከመኪናው ሳይወርድ የሚጠገንበት መንገድ አለ። ስለዚህ የመኪናውን ሞዴልና የካምቢዮውን መለያ ቁጥር ይዞ የታወቁ ድክመቶቹን መጠየቅ ከማውረድ በፊት የሚቀር የመጨረሻ ሥራ ነው።

ለማስጠገን ከተወሰነ ጋራዡን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ካምቢዮው ለምን እንደተበላሸ ያውቃሉ? ምክንያቱ ካልተገኘ ይደገማልና። ኮንቨርተሩስ ይቀየራል ወይም ተከፍቶ ይታደሳል? የተፋቀው ፍሪሲዮንና ብረት እዚያ ስለሚጠራቀም እንዲሁ ታጥቦ አይመለስም። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ የዘይቱ ማቀዝቀዣና ቱቦዎቹ። ከአሮጌው ካምቢዮ የወጣው ደቃቅ ብረት እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ማቀዝቀዣው ሳይጠረግ ወይም ሳይቀየር አዲሱ ከተገጠመ፣ ሞተሩ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ያ ሁሉ ብረት ወደ ታደሰው ካምቢዮ ይመለሳል። ማቀዝቀዣው በምን እንደተጠረገ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ይስጥዎት፤ ከራዲያተሩ ጋር አብሮ ከተቀየረ ደግሞ አሮጌውን ዕቃ ይጠይቁ።